የአራተኛ ሀ የስልክ ቅርጫት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሳሙኤል የቴሌቪዥን ሪሞት ይዞ መጣ። ቁልፍ አለው፣ ባትሪ አለው፣ ታዲያ ምን ጎደለው አለኝ። ለወላጆች በላክነው ደብዳቤ ላይ የጻፍነው «የራሳቸውን ዲጂታል መሣሪያ ይዘው ይምጡ» ነው። ሪሞት አይሆንም አላልንም።

የመጣውን ልመዝግብ፣ ነገ እጠየቃለሁ፦
ተች ስልክ፣ አሥራ አንድ።
ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ስድስት።
ታብሌት፣ አንድ። የባንክ ሠራተኛው ልጅ ናት፤ ማንም እንዳይነካባት በትራስ ልብስ ጠቅልላ።
ካልኩሌተር፣ ሦስት።
ሬዲዮ፣ አንድ።
ሪሞት፣ አንድ።
ባዶ እጃቸውን የመጡ፣ አሥራ ስምንት።

ሐሳቡን ርዕሰ መምህሩ ከጎንደር ስልጠና ይዞት ነው የመጣው። መሞከሪያ እንዲሆን አራተኛ ሀ የተመረጠው እኔ ስለማልከራከር ይመስለኛል። ሁለት ሳምንት ብቻ አለ። ልጆቹ ንባባቸውን በስልክ ይቀዳሉ፣ መልሰው ይሰሙታል፣ የተሳሳቱትን ራሳቸው ያገኙታል። ስልክ የሌለው ካለው ጋር ይቀመጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሁለቴ ጻፍሁት።

ያላሰብነው አንድ ነገር፦ «የራሳቸው» የሚባል የለም። ስልኩ የቤቱ ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ሲመጣ ቤቱን ሁሉ ይዞ መጣ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰባት ጊዜ ተደወለ። የአንዷ አክስት ከዳባት ደውላ በጎቹ ደረሱ ወይ ብላ ጠየቀች። የአንዱ አባት እህል ነጋዴ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ የደወለ ሰው አባትህን አቅርብልኝ ቢለው፣ ልጁ እኔ ጥያቄ ስጠይቀው እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ቆመና «አባቴ የለም፤ እኔ ንባብ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰለት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አስተማሪ መሳቅ ከጀመረ በኋላ ማቆም እንዴት ከባድ ነው።

ነገ ደንብ ያስፈልጋል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደንቡ፦
ሲገቡ ስልክ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ቅርጫቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሆናል።
ድምፅ ይጠፋል።
ከንባብ ክፍለ ጊዜ በቀር ማንም አይነካም።
ስለ ስልክ እጅ አይወጣም፣ አይነሣም፣ አይወራም።

አራተኛው ላይ ትንሽ ሳልጨክን አልቀረሁም። ግን ሠራ። ሳሙኤል ሪሞቱን ትቶ የአባቱን ስልክ ይዞ መጣ። አንድ ሁለት ልጆችም እንደዚሁ። ቅርጫቱ ሞላ። ደህና የሆነ ጸጥታ ነበር።

ትንሽ ድል አለኝ፣ ሳልረሳው ልጻፈው። ማስተዋል እንየው። ሦስተኛ ረድፍ፣ ከመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው። ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን የምሰማው ስም ስጠራ «አቤት» ስትል ብቻ ነው። ብላክ ቦርድ ላይ ባወጣት ትቆማለች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። ዛሬ ስልኩን አፏ ድረስ አስጠግታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አንድ አንቀጽ ሙሉ አነበበች። ከዚያ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችው። ደግማ ሰማችው። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ቲቸር፣ ይቺ እኔ ነኝ?»

አዎ፣ አንቺ ነሽ አልኋት።

«ጎበዝ ናት» አለች።

ስልኩ የአባቷ ነው። ጠርዙ ተሰንጥቆ በላስቲክ ታስሯል። ሦስት ቀን ለምና እንደ ሰጣት ነገረችኝ። ይህን ያህል ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ ነበር፣ አራት ሰዓት ግድም። ያው ስልክ ቅርጫቱ ውስጥ ይርገበገብ ጀመር። ድምፁን አጥፍታዋለች፤ ንዝረቱን ማጥፋት አላወቀችም ወይም ስልኩ አርጅቶ እምቢ ብሏል። አንዴ። ሁለቴ። አራቴ። ልጆቹ ክፍልፋዩን ትተው ቅርጫቱን ያያሉ። ማስተዋል ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሣች። በእጄ ምልክት ተቀመጪ አልኋት። ስልኩን ገለበጥሁትና ሹራቤን ጣል አደረግሁበት። ማስተዋል ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ እሱም ዝም አለ።

ትምህርቱ አልተቋረጠም። ደንብ ጥሩ ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ማስተዋል አልመጣችም።

በእረፍት ሰዓት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ የሰማሁትን፣ እንደ ሰማሁት።

ትናንት ረፋዱ ላይ እማሆይ ዘነበች አረፉ። ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ የነበሩት። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ድንኳን አልተተከለም። አስከሬኑን ስምንት ሰው ነው ተሸክሞ የቀበረው፤ ከስምንቱ ሁለቱ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ መንገደኞች ናቸው። እድርተኛው አልሰማም።

የሚያሰማው ለፋፊው ነው። ሰው ሌሊት ከሞተ፣ ለፋፊው ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባ እየነፋ በየበሩ ያልፋል። ቀን ከሞተ፣ የእድሩ ዳኛ ይደውሉለታል፤ ሥራውን ጥሎ ጥሩንባውን ያነሣል። ትናንት አራት ሰዓት ላይ ዳኛው ደወሉ። ደጋግመው ደወሉ። አላነሣም። ለሌሎች ደወሉ፣ ድንኳን ለሚይዘውም ጭምር። እነሱም አላነሡም፤ ወቅቱ አጨዳ ነው፣ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ወደ ለፋፊው ቤት ሰው ቢልኩ ዝግ ነው። የት እንደ ዋለ የሚያውቅ ጠፍቶ፣ ድንጋይ ካባ ላይ ሲፈልጥ ያገኙት ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ካህናቱ ጨርሰው፣ መቃብሩ ተቆፍሮ።

«ለፋፊ ሆኖ ስልክ አለማንሣት» አለ ስፖርት የሚያስተምረው መምህር ካሳ፣ «ቅዳሴ እያስቀደሱ እንደ ማንኮራፋት ነው።» ሳቁ።

ለፋፊው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ከመጠየቄ በፊት አውቄዋለሁ መሰለኝ።

እንየው ነው አሉኝ፤ የማስተዋል አባት።

ለዳኛው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ዝም ብሏል። ስልኩ የት እንደ ነበር አልተናገረም። እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይሽሩታል ይላሉ። ሥራው የአባቱ ነበር። አባቱ ጥሩንባውን በሽማግሌ ፊት አስረክበውት ነው የሞቱት።

ክፍል ተመለስሁ። ሹራቤ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ዛሬ ብርድ ነው። አልለበስሁትም።

ማንም አያውቅም። አርባ ልጅ አይቷል፤ ግን ምን እንዳዩ አያውቁም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ለርዕሰ መምህሩ ነገርሁት።

«ስልኩን ለሕፃን የሰጠው እሱ ነው» አለኝ። «አንቺ ምን አደረግሽ? ደንብ አስከበርሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ ነገር ከወላጅ ጆሮ ቢገባ ነገ አንድም ስልክ አይመጣም አለ። ለበላይ ምን ብዬ እጽፋለሁ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ጣሪያው ለሚያፈሰውም ለጠመኔውም ብቻውን የሚጨነቅ ሰው ነው። ያለኝን ሁሉ አመንሁት፤ ከቢሮው በር እስክወጣ ድረስ።

የማልናገርባቸው ምክንያቶች። ዘርዝሬ ልያቸው፦
አላወቅሁም ነበር።
ልጅቷ አልነገረችኝም። (ተነሥታ ነበር። አስቀመጥኋት።)
ወላጆች ይቀየሙናል።
ሰውዬው ራሱ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል።
ደባርቅ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የእድሩ አባል አይደለሁም፣ በምን አፌ?
አፍራለሁ።

እውነቱ የመጨረሻው ብቻ ነው። የቀሩት እሱን ለመሸፈን ነው የመጡት።

ከሰዓት የእማሆይ ሠልስት ነበር፤ ከመምህራኑ ጋር ሄድን። ዛሬ ድንኳኑ ተተክሏል። ሰው ሞልቷል፤ ጥፋቱን ለመካስ ይሆን ለወሬው፣ አልለየሁትም። የሟች ልጅ ወይዘሮ ጌጤ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። የገባውን ሁሉ እያየች ያንኑ ትናገራለች። «እናቴ የሰው ቀብር አምልጧት አያውቅም። ዝናብ ቢሆን፣ እግሯ ቢያብጥ፣ ትሄዳለች። እሷን ስምንት ሰው ቀበራት። ስምንት።» አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ተይ ይበቃል ይሏታል። እኔ ፊት ስትደርስም «ስምንት» አለች። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልሁ። ከአፌ ሌላ ነገር እንዳይወጣ ፈጥኜ አልፌያት ተቀመጥሁ።

እንየው ውጭ ነው። ውሃ በጀሪካን ያመላልሳል፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። ማንም አላዘዘውም። ረጅም ነው፣ ጎበጥ ብሏል፤ ሽፋሽፍቱ ላይ የድንጋይ ብናኝ አለ። ድንኳን ያዡ አቶ ማሩ፣ የሳሙኤል አባት፣ ከተቀመጠበት «እንየው፣ ስልክህ ይጠራል» አለው። እንየው ጀሪካኑን አስቀምጦ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አጠገቡ የተቀመጡት በጉሮሯቸው ሳቁበት። እሱም ከነሱ ጋር ፈገግ አለና ጀሪካኑን አነሣ።

ያን ፈገግታ ማየት አልቻልሁም። ሳልሰናበት ወጣሁ።


አርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ስለ ሆነ ከተማው በሚቃጠል ቆሻሻ ታፍኖ ዋለ። ልጆቹ ሲያስሉ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ አራት ስልክ ብቻ። የማስተዋል ቦታ ባዶ፤ ይኸው ሦስት ቀን።

ትምህርት ሲያልቅ ቤቷ ሄድሁ። በመንገድ ላይ ሁለቴ ቆምሁ። አንዴ ጫማዬን አሰርሁ፤ ያልተፈታ ጫማ።

እንየው ደጅ ላይ ነበር። በዓል ስለ ሆነ ካባ አልወጣም። ሥራ የለመደ ሰው በበዓል ቀን እጁን የት እንደሚያኖረው አያውቅም፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየዋል። ሲያየኝ ተነሣ፤ በርጩማውን በክንዱ ጠርጎ ሰጠኝ። አልተቀመጥሁም። ቆሜ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ስልኩ ሲጠራ አይቻለሁ አልሁት። አራቴ ነው የጠራው። ማስተዋል ልትነሣ ስትል ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ። ገልብጬ ሹራብ የጣልሁበትም እኔ ነኝ።

«አውቃለሁ» አለ።

ምኑን ያውቃሉ አልሁት።

«የዚያኑ ዕለት ነግራኛለች። ከጠራ ወደኔ ሩጪ ብያት ነበር፤ ካባው ከናንተ ጀርባ አይደለም እንዴ፣ ለልጅ እግር ምን አላት። እያለቀሰች ነገረችኝ።»

«ታዲያ ለዳኛው ለምን አልተናገሩም?»

ጭሱን አየ።

«ምን ብዬ ልናገር? መምህርት አጠፋች ብዬ?» አለ። «እኔ ቃሌን የሚሰማ ባጣ ጥሩንባ አለኝ። እርስዎ ቃልዎን የሚሰማ ካጡ ምን አለዎት? አርባ ልጅ ይዘው።»

ይሽሩዎታል እኮ አልሁት። ቢሽሩኝ ሌላ ሰው ይነፋል አለ፣ ሞት እንደሆነ ለፋፊ አያጣም። ሊስቅ ሞከረ። ዓይኑ ግን ወደ ቤት ውስጥ፣ ጥሩንባው ወደ ተሰቀለበት ግድግዳ ሄደ። ፈጥኖ መለሰው። አይቼበታለሁ።

ማስተዋል ከበሩ ጀርባ ነበረች። የቀሚሷ ጫፍ ይታያል። ትምህርት የቀረችው በሱ ትእዛዝ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ እምቢ ብላ ነው። አባቷ ሊሻር ነው ሲባል ሰምታ፣ በኔ ምክንያት ነው ብላለች። ጠራኋት። ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ስነሣ ተቀመጪ አሉኝ» አለች።

መክሰሷ አልነበረም። ጥያቄ ተጠይቃ የምትመልስ ነበር የምትመስለው።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል አታውቅም። አባቷን አየች። እሱም አያውቅም። በመጨረሻ «እሺ» አለች፣ ስም ሲጠራ በምትለው ድምፅ።

እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ስንለያይ፣ እሁድ እንዳይመጡ ብሎ ለመነኝ። ነገሩ ይለፍ አለ። እሺ አላልሁም፣ እምቢም አላልሁም። ይህ የለመደብኝ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የገበያ ቀን። ልብስ አጠብሁ። የምናገረውን ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ። «የተከበራችሁ» ተሰረዘ። «በመጀመሪያ ደረጃ» ተሰረዘ። «ሳላውቅ» ተሰረዘ፣ ተመልሶ ተጻፈ፣ ተሰረዘ። በመጨረሻ የቀረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዳኛው በፊት መስማት ያለባት ማን እንደሆነች አሰብሁ። ወይዘሮ ጌጤ ዘንድ ሄድሁ።

ምስር ትለቅም ነበር። ስነግራት እጇ አላቆመም። ጠጠር ወዲህ፣ ምስር ወዲያ። ስጨርስ ሌላ ማን ያውቃል አለችኝ። እንየው አልኋት።

«አውቆ ነው ዝም ያለው?»

«አዎ።»

እጇ ያን ጊዜ ቆመ። «ይኸን ሁሉ ቀን ውሃ ሲቀዳልኝ ቀና ብዬ አላየሁትም» አለች። የምትናገረው ለምስሩ ነበር። እኔ የተረሳሁ መሰለኝ፤ ቀስ ብዬ ልነሣ ስል ቆጣ አለች። «ለኔ ብቻ የነገርሽኝ ምን ያደርግልኛል? ነገ ተነሥተሽ ለሁሉም ተናገሪ እንጂ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እንዳላለች ይጻፍ።


እሁድ፣ ኅዳር 14

ተናገርሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ከእድሩ ቤት ፊት ለፊት። ወንዶቹ ግንብ ላይ፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። የእንየው ጉዳይ ሲነሣ እጄን አወጣሁ፣ እንደ ተማሪ። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ማን እንደሆንሁ ጠየቁ፤ ነገርኋቸው። የእድሩ አባል ነሽ አሉኝ። አይደለሁም አልሁ።

«እንግዲያ በምን ትናገሪያለሽ?»

ልቀመጥ ነበር። ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ ጌጤ ሳትነሣ «በእናቴ ትናገር» አለች።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ተናገርሁ። የመጀመሪያውን ደግሜ የተናገርሁት ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። እንየው መሬት መሬት ያያል።

አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ለካ እኛ ስልኩን ተማምነን የእማሆይ መርዶ በቅርጫት ተቀምጧል» አሉ። የሳቀ ሳቀ። አንዱ ስልክ ለልጅ የሚሰጥ አባት አባት ነው ወይ አለ። አቶ ማሩ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው። ዳኛው ወደሱ ዞሩ።

«ማሩ፣ ድንኳኑን እንድታወጣ አንተ ጋም ደውዬ ነበር። አላነሣህም።»

«አጨዳ ላይ ነበርሁ።»

«አንተ አጨዳ ላይ ነበርህ። ስልክህስ?»

አቶ ማሩ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ። የጠፋበት ነገር እዚያ ያለ ይመስል።

«ስልኬ እንኳ ትምህርት ቤት ነበረች» አለ።

ግንቡ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ አንዱ የኔም እዚያው ነበረች አለ። ሌላው የኔም። ሳይጠየቁ አምስት ሰው። አምስቱንም በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ አይቻቸዋለሁ። ሁሉም አጨዳ ላይ ነበሩ፤ ሁሉም እንየውን ሲወቅሱ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማክሰኞ ጸጥ ብሏል ብዬ ደስ ያለኝ ቅርጫት ጸጥ አላለም ነበር። መንደሩ ሁሉ ሲጠራራበት ነበር። ልጆቼ ድምፅ አጥፉ ያልኋቸውን ስለ ታዘዙ ነው ያልሰማሁት። ያንዷ ብቻ ነበረች ያልታዘዘች፤ እሷንም ሸፈንኋት።

ውሳኔ አልተሰጠም። ኮሚቴው ይነጋገርበታል ብለው ዳኛው መዝገቡን ዘጉ።

ሰው ሲበተን ወይዘሮ ጌጤ ከእንየው ጋር ቆማ አየኋቸው። የተባባሉትን አልሰማሁም። በኋላ እኔ ጋ ደረሰ። «አይምጡ ብዬዎት ነበር» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ምስጋናም አልነበረበትም። ዝምታውን ለኔ ብሎ ነበር የያዘው፣ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ስላልነበረው። እኔ ደግሞ በሰው ፊት መለስሁለት። ልክ የሠራሁ ይመስለኛል። ደስ ግን አላለኝም።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ቅርጫቱ ባዶ ነው። አንድ እንኳ የለም፤ ሬዲዮውም ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ቅርጫቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ምንም ሳይል ሄደ። ቢናገረኝ ይሻል ነበር።

ማስተዋል መጣች። ስሟን ስጠራ «አቤት» አለች፤ የቀረውን ስም ለመጥራት መዝገቡ ላይ መስመሩ ጠፋኝ።

ልጆቹ አኩርፈዋል። ንባቡን አንቀዳም ማለት ነው ብለው ሲያጉረመርሙ የራሴን ስልክ አወጣሁ። አንድ ስልክ፣ አርባ አንድ ልጅ። ተራ ያዙ። እስከ ምሳ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ደረሰው፤ የቀሩት ነገ። ሳሙኤል በንባቡ መካከል «ይህ የሳሙኤል ማሩ ድምፅ ነው፣ ከደባርቅ» ብሎ ጨመረበት።

የማስተዋል ተራ ሲደርስ ስልኬን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አላነበበችም።

«ቢጠራስ?» አለችኝ።

«ከጠራ አምጪልኝ።»

«እያስተማሩም ቢሆን?»

«እያስተማርሁም ቢሆን።»

ይህን በደንብ አሰበችበት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው አይደለም፣ ግማሽ ብቻ። አንዱ ጉንጯ ይታየኝ ነበር።

ከእድሩ ምንም ወሬ የለም። መምህር ካሳ ለለፋፊነት የሁለት ሰዎች ስም ተነሥቷል ሲባል ሰምቻለሁ አለኝ፤ ማን ማን እንደሆኑ አያውቅም። ወይም አልነገረኝም። ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት ተሰብስቦ ነበር። በእድሩ ቤት በኩል ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ መንገዴ አይደለም። በሩ ዝግ ነበር።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጎሕ ሊቀድ ሲል ጥሩንባ ሰማሁ።

አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ጥሩንባ ማንም ይነፋዋል፤ ጥሩንባ ፊት የለውም። ጥሩንባውን የሚከተለውን ድምፅ መጠበቅ ነው። ከላይ በኩል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ይመጣል። ሁለተኛ ነፋ። ውሻ ተከተለው። አከራዬ መጋረጃዋን ስትገልጥ ሰማሁ። ሹራቤን ደረብሁ፣ ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አድርጌ በሩን ከፈትሁ።

ውርጭ ነው። ሣሩ ነጭ ነው። ከመታጠፊያው ረጅም ሰው ብቅ አለ። ጎበጥ ያለ። ጥሩንባውን ከአፉ አውርዶ፣ ደረቱን ሞልቶ መጣራት ጀመረ፣ ከካባ በተረፈ ሻካራ ድምፅ። በየበሩ መብራት በራ።

እንየው ነው።

አጠገቤ ሲደርስ አየኝ። ለፋፊ እየተጣራ ሰላምታ አይሰጥም፤ አልሰጠኝም። እርምጃውን አላዘገየም። አለፈ። እኔ በሩን ይዤ እንደ ቆምሁ፣ ሰው ሞቶ፣ እፎይ አልሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ነጠላዬን በአፌ ያዝሁ።

የሞተው ማን እንደሆነ የሰማሁት፣ ታች መንታ መንገዱ ላይ ደርሶ ሁለተኛ ሲደግመው ነው።